ስለ ስም ፊደልና ስለ ቍጥሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንናገረው በየቤቱ በዝግታ ስለሚወራ፣ ነገር ግን በዐደባባይ ብዙ ስለማይነገርለት ነገር ነው። ይኸውም የሰውን ስም ፊደል በፊደል ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱም ፊደል ቍጥር ሰጥቶ፣ ከድምሩ የሰውየውን ዕድል አወጣለሁ ስለሚለው ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ምክንያት የታጨች ልጅ «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብላ ትቀራለች፤ የታመመ ሰው ጠበሉንም ሐኪሙንም ትቶ የኮከቡን ነገር ሲያስጠይቅ ይውላል፤ አንዳንዱም ስሜን ይሠሩበታል ብሎ በመፍራት የክርስትና ስሙን ከጎረቤቱ ይደብቃል። የሚያሰላው ሰው ብዙ ጊዜ ዳዊት የደገመ፣ ግእዝ የሚያውቅ ስለሆነ፣ ሕዝቡ ነገሩን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ ወደ እኛ እንደ ደረሰ ከሥሩ ጀምረን እንመርምር። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጽርኣውያን ቍጥርን የሚጽፉት በፊደላቸው ነበር። ሃያ አራቱን ፊደላትና ሦስት ከንባብ የወጡ የጥንት ፊደላትን ጨምረው 27 አደረጉና ዘጠኙን ለአንዶች፣ ዘጠኙን ለዐሥሮች፣ ዘጠኙን ለመቶዎች መደቡ። አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ዮታ 10፣ ሮ 100 ነው። ዕብራውያንም እንዲሁ ከአሌፍ 1 ጀምረው እስከ ታው 400 ድረስ 22ቱን ፊደላቸውን ለቍጥር ተጠቀሙባቸው። በዚህ ውስጥ ምንም ምሥጢር አልነበረም፤ ነጋዴው የእህሉን ዋጋ፣ ጸሓፊውም የምዕራፉን ተራ የሚጽፍበት መሣሪያ ነበር። ነገር ግን ፊደሉ ራሱ ቍጥር ከሆነ ዘንድ ማንኛውም ቃልና ማንኛውም ስም ሲደመር አንድ ድምር ይሰጣል። የሰው ልጅ ደግሞ ድምር ካየ ትርጕም ሳይፈልግለት አይቀመጥም።

መጀመሪያ ነገሩ ጨዋታ ነበር። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ ተራራ እሳትና ዐመድ ተፍቶ ፖምፔይ የምትባለውን የኢጣልያ ከተማ በቀበራት ጊዜ፣ በግድግዳ ላይ የተጫረ አንድ ጽሑፍ አብሮ ተቀበረ። ጽሑፉ በዘመናችን ሲገለጥ፣ አንድ ሰው ስምዋ 545 የሆነች ሴት እንደሚወድ ይናገራል። ስምዋን ለመጥራት አፍሮ ድምሩን ጻፈ፤ እርስዋ ግን ደምራ ታውቀዋለች። ጨዋታው ወደ ስድብም ተሻገረ። ኔሮን ቄሣር እናቱን አግሪጲናን በ59 ዓ.ም. ካስገደላት በኋላ፣ የኔሮን ስም በጽርእ ፊደል ሲደመር 1005 እንደሚሆን፣ የገዛ እናቱን ገደለ የሚለው የጽርእ ቃልም እንዲሁ 1005 እንደሚሆን የሚናገር ቅኔ በሮም ተሠራጨ። ይህን ስዊቶኒዮስ የተባለው ታሪክ ጸሓፊ መዝግቦታል። የእኛ አገር ባለቅኔ በሰምና ወርቅ የሚያደርገውን የሮም ሰው በቍጥር አደረገው ማለት ነው።

ከአይሁድ መምህራን ዘንድ ግን ነገሩ የመጽሐፍ ትርጓሜ ሆነ። አብርሃም ሎጥን ለማስመለስ በቤቱ የተወለዱትን 318 ሰዎች ይዞ እንደ ዘመተ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 14 ተጽፏል። የአብርሃም ሎሌ የኤልዔዘር ስም በዕብራይስጥ ሲደመር 318 ስለሚሆን፣ ከአብርሃም ጋር የዘመተው ኤልዔዘር ብቻውን ነው ያሉ መምህራን ነበሩ። ክርስቲያኖችም ይህንኑ ቍጥር በጽርእ አነበቡት። በበርናባስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መልእክት 18ቱን የኢየሱስ ስም መጀመሪያ ሁለት ፊደላት፣ 300ውንም ጠው የሚባለውን የመስቀል ቅርጽ ያለውን ፊደል አድርጎ ተረጐመው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶቻችን 318 መሆናቸውን ቅዱስ አትናቴዎስ ከጻፈ በኋላም፣ አርዮስን የረቱትን ሠለስቱ ምእት ነገሥታቱን ከረቱት ከአብርሃም ሰዎች ጋር ያነጻጸሩ መምህራን ብዙዎች ናቸው። በዚህ ላይ እናስተውል፤ መስቀሉን ያወቅነው ከ318 አይደለም፤ መስቀሉን አስቀድመን ስላወቅን ነው በ318 ውስጥ ያየነው። አባቶች በቍጥሩ የታመነውን ነገር አስጌጡበት እንጂ ያልታወቀ ነገር አላወጡበትም።

ይህን ድንበር አስቀድሞ አጥብቆ ያሳየን የሊዮን ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ሄሬኔዎስ ነው። በ180 ዓ.ም. ገደማ መናፍቃንን በተቃወመበት መጽሐፉ፣ ማርቆስ የሚባል አሳች (ወንጌላዊው ማርቆስ እንዳይመስላችሁ) በፊደላት ቍጥር ላይ አዲስ ሃይማኖት ሊሠራ መነሣቱን ይናገራል። የጌታችን ስም ኢየሱስ በጽርእ ሲደመር 888 ይሆናል፤ ማርቆስም ከዚህ ድምር ተነሥቶ የሰማይን ምሥጢር ሁሉ ያወቀ መሰለው። ሄሬኔዎስ ሲመልስ፣ ይህ ስም የዕብራውያን ቋንቋ ስም ሆኖ ሳለ ወደ ጽርእ ከተመለሰ በኋላ መቍጠር ምን ረብ አለው አለ። እውነትም ያው ስም በዕብራይስጥ ሲጻፍ ድምሩ 386 ነው። ጌታ አንድ ነው፤ ቍጥሩ ግን እንደ ቋንቋው ይለወጣል። ሄሬኔዎስ ጨምሮም ቍጥር ከእምነት ሥርዓት ይከተላል እንጂ የእምነት ሥርዓት ከቍጥር አይወጣም ብሎ አስተማረ።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ወንጌላዊው ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 13 የአውሬውን ቍጥር 666 ብሎ፣ ልብ ያለው ይቍጠረው ብሎ የለምን? ብሏል። ብዙ ሊቃውንት ኔሮን ቄሣር የሚለው በዕብራይስጥ ሲጻፍ 666 እንደሚሆን፣ ከስሙ መጨረሻ አንዲት ፊደል ሲጐድልም 616 እንደሚሆን ያስረዳሉ። 616 የሚል ንባብ በሄሬኔዎስም ዘመን ነበረ፤ ከግብፅ ከኦክሲሪንኮስ ወጥቶ በ1999 ዓ.ም. በታተመ ጥንታዊ ፓፒረስም ላይ ተገኝቷል። ሄሬኔዎስ ግን 666ን ይዞ፣ ድምራቸው 666 የሚሆን ሦስት ስሞችን፣ ኤዋንታስን፣ ላቴይኖስን፣ ቴይታንን ጠቅሶ፣ ከዚያ ቆመ። ስሙ በዚህ ዘመን በግልጥ ሊነገር ቢያስፈልግ ኖሮ ራእዩን ያየው ራሱ በነገረን ነበር፤ እንግዲህ ደፍሮ ከመናገር የትንቢቱን ፍጻሜ መጠበቅ ይሻላል አለ። የቅዱስ ፖሊካርፐስ ደቀ መዝሙር፣ ፖሊካርፐስም የዮሐንስ ደቀ መዝሙር ሲሆን፣ ለመናገር ከማንም ይልቅ የቀረበው ሰው ዝም ማለትን መረጠ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ዝም አላሉም። በጀርመን አገር ሚካኤል ሽቲፈል የሚባል፣ የማርቲን ሉተር ወዳጅ የሆነ ሰባኪ ነበረ፤ ሒሳብ በማወቅ በዘመኑ የታወቀ ነው። የሮሙ ፓፓ የዐሥረኛው ሊዮን ስም በሮማይስጥ ሲጻፍ በውስጡ የሚገኙትን የቍጥር ፊደላት ለቅሞ ቢደምር 1656 ሆነበት። ሲበዛበት 1000ውን ምሥጢር ማለት ነው ብሎ አወጣ፤ ሲጐድልበት ዐሥረኛ ስለተባለ 10 ጨመረ፤ 666 አገኘ። ስሌቱ እዚህ ቢያበቃ ሳቅ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ያንኑ መንገድ ይዞ ዓለም በጥቅምት (ኦክቶበር) 19 ቀን 1533 ዓ.ም. ከጧቱ በአውሮፓ ሰዓት በስምንት ታልፋለች ብሎ ለምእመናኑ ሰበከ። ሉተር ቢገሥጸው አልሰማም። ገበሬዎቹ አምነውት ሥራቸውን ተዉ፤ ያላቸውን ጨረሱ። ሰዓቱ ደርሶ ዐለፈ፤ ሽቲፈልም ታሰረ፣ ከደብሩም ተነሣ። በኋላ ወደ ንጹሕ ሒሳብ ተመልሶ በ1544 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በሒሳብ ታሪክ ይመሰገናል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የቤርጋሞው ካህን ጴጥሮስ ቦንጉስ የሉተርን ስም ደምሮ 666 አገኘሁ አለ። ጠላትን አስቀድሞ ለመረጠ ሰው ድምሩ ሁልጊዜ ይስማማለታል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የግእዝ ቍጥሮቻችን ከጽርእ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፻ ከሮ መጥቷል። ከላይና ከታች የምናሰምርባቸውም መስመር ጽርኣውያን ፊደሉ ለቍጥር መግባቱን ለማሳየት በላዩ ያደርጉት የነበረውን ያስታውሰናል። በአክሱም ነገሥታት የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይታያሉ። ነገር ግን አባቶቻችን ቍጥሩን ሲቀበሉ የራሳቸውን ፊደል ለንባብ ብቻ ተዉት። በእኛ ዘንድ አ አንድ አይደለም፣ በ ሁለት አይደለም፤ ፩ እና ፪ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ምልክቶች ናቸው። ጽርኣዊው ስሙን ሲጽፍ ወደደም ጠላም ቍጥር ይጽፍ ነበር፤ ገብረ ሚካኤል ብሎ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ግን ምንም ቍጥር አልጻፈም። በስሙ ላይ ቍጥር የሚጭንበት ሰው ከሌላ አገር ያመጣውን ዋጋ ነው የሚጭንበት።

ከየት እንደ መጣም ልማዱ ራሱ ይመሰክራል። ዐውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይደመርና በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቍጥር ኮከቡን ያሳያል ይባላል። የከዋክብቱ ስሞች ሐመል፣ ሰውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለው፣ ሑት ናቸው። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል፤ በግ፣ በሬ፣ አንበሳ፣ ጊንጥ፣ ዓሣ የሚሉ የዐረብኛ ቃላት ናቸው። ከሐዋርያትም ከሠለስቱ ምእትም የተቀበልነው ነገር አይደለም።

ደግሞ በራሱ ሚዛን እንመዝነው። በአነጋገራችን ዐይኑ ዐና አልፋው አ ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ ስለዚህ ዐምደ ሚካኤልን አንዱ በዐይኑ ዐ፣ ሌላው በአልፋው አ ይጽፈዋል። የዕብራይስጡን ዋጋ ብንይዝ ዐ 70፣ አ ግን 1 ነው። ልዩነቱ 69 ነው፤ በ12 ሲገደፍ 9 ይተርፋል። እንግዲህ ጸሓፊው በብርዑ አንዲት ፊደል ስለለወጠ የሰውየው ኮከብ ዘጠኝ ቤት ይዘላል! በሀና በሐም እንዲሁ ነው። ሁለተኛም ገብረ ማርያም ወልደ ወለተ ማርያም የሚባል ሰው በአንድ አጥቢያ እንኳ ስንት አለ? አንዱ መነኵሴ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ በወንጀል የታሰረ፣ አንዱ በሕፃንነቱ ያረፈ ነው። ስሌቱ ለአራቱም አንድ ዕድል ይሰጣቸዋል።

አንዳንድ ሰው ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ባሕረ ሐሳብን ታሰላ የለምን ይላል። ታሰላለች፤ አንደበቱም ይመሳሰላል፤ መግደፍ የሚለው ቃል እንኳ ከዚያ የተወሰደ ይመስላል። ነገር ግን የእስክንድርያው ዐሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሾመው፣ ያሰላው የፀሓይንና የጨረቃን መንገድ ነው። ዓመተ ዓለሙ በ19 የሚገደፈው ጨረቃ በ19 ዓመት በእውነት ወደ ቦታዋ ስለምትመለስ ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 የሚሆኑትም ስለዚሁ ነው። ማንም ሰው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ሊፈትነው ይችላል። የሰው ስም ግን በሰማይ አይዞርም፤ በ12 የሚገደፍበት ምክንያትም የለውም። ባሕረ ሐሳብ የሚነግረን ጾሙ መቼ እንደሚገባና ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ነው፤ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚያገባ አይነግረንም።

በአራተኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶች በ36ኛው ቀኖናቸው ካህናት አስማተኞች፣ ኮከብ ቈጣሪዎች፣ በቍጥር የሚጠነቍሉ እንዳይሆኑ፣ ክታብም እንዳይሠሩ ከለከሉ። ቃሉ የተነገረው ለካህናት መሆኑን ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም ሕዝቡ የሚያስጠነቍለው ፊደል ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ነበረና። በአገራችንም ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋዮችንና አስማተኞችን አጥብቀው መቃወማቸው የታወቀ ነው፤ በመጽሐፈ ብርሃንም ይህ ተግሣጽ ይገኛል።

ስለ ጋብቻ ለሚጠይቁን ወላጆች የምንመልሰው ይህን ነው። ሁለት ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ የሚጠየቀው ሃይማኖታቸው፣ ሁለቱም በፈቃዳቸው መምጣታቸው፣ እስከ ሰባት ትውልድ ዘመዳሞች አለመሆናቸው፣ ሌላ ጋብቻም የሌለባቸው መሆኑ ነው። የክርስትና ስማቸው የሚጠየቀው በጸሎቱ ውስጥ ሊጠራ ነው። የእናታቸውን ስም የሚጠይቅ የለም፤ ፊደላቸውንም የሚደምር ካህን በሥርዓተ ተክሊል ውስጥ ቦታ የለውም። በኮከብ ምክንያት የተመለሰች ልጅ ያለችበት ቤት ካለ፣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ነገሩን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።