«በጎ አድራጎት» የሚል ስም ያነገቡ ዲጂታል ሳንቲሞች ለምን በጥርጣሬ ይታያሉ?

ክሪፕቶ ከረንሲ በኮምፒዩተር መረብ ላይ ተመዝግቦ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በእጅ የማይጨበጥ ዲጂታል ገንዘብ ነው። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከኋላቸው የቆመ ማዕከላዊ ባንክ የላቸውም። ሙያው ያለው ማንኛውም ሰው በአጭር ጊዜ አዲስ ሳንቲም አውጥቶ የወደደውን ስም ሊሰጠው ይችላል። የጥርጣሬው መነሻም ይኸው ነው፤ ስሙ በጎ ስለሆነ ሥራው በጎ ነው ማለት አይደለም።

ከታዩት ምሳሌዎች

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 «ሴቭ ዘ ኪድስ»፣ ማለትም «ሕፃናትን ታደጉ» የተባለ ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። ከግብይቱ የተወሰነው ለሕፃናት እርዳታ እንደሚውል ተነገረ፤ «ፌዝ ክላን» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ቡድን ታዋቂ አባላትም አስተዋወቁት። ዋጋው ግን ወዲያው አሽቆለቆለ፤ አምነው የገዙ ሰዎችም ከሰሩ። ቡድኑ በኋላ አንድ አባሉን አሰናብቶ ሦስቱን አገደ።

የኤፍቲኤክስ መሥራች ሳም ባንክማን-ፍሪድ ደግሞ ሀብት የሚያፈራው ለበጎ አድራጎት ለመስጠት መሆኑን ደጋግሞ ይናገር ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለኪሳራ ተዳረገ። መሥራቹም በደንበኞች ገንዘብ ላይ በፈጸመው ማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እውነተኛ ልገሳም አለ። የኢቴሪየም መሥራች ቪታሊክ ቡተሪን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በዕለቱ ዋጋ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት «ሺባ ኢኑ» ሳንቲም ለሕንድ የኮቪድ-19 እርዳታ ሰጥቷል። ይሁንና የሳንቲሙ ዋጋ ወዲያው በመውደቁ፣ የተጠራው ገንዘብ ሁሉ እጅ የገባ ገንዘብ አልሆነም።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

በቀበሌ ለትምህርት ቤት ግንባታ መዋጮ ሲሰበሰብ አዋጪው ሰብሳቢውን ያውቀዋል፤ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ይቀበላል፤ የተሠራውንም ክፍል በዓይኑ ያያል። በዕድርም ገንዘብ ያዡ በአባላት ፊት ይጠየቃል። በዲጂታል ሳንቲም ግን ሰብሳቢው ማንነቱን ሊሰውር ይችላል። የዝውውር መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም የሚያሳየው ገንዘቡ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው እንደሄደ ብቻ ነው። ገንዘቡ እህል ወይም መድኃኒት ሆኖ ለተቸገረው መድረሱን አይመሰክርም።

ምን መጣራት አለበት?

• እርዳታውን ይቀበላል የተባለው ድርጅት በስም ተጠቅሷል? ድርጅቱ ራሱስ ያረጋግጣል?
• የተጠየቀው ልገሳ ነው ወይስ ግዢ? ሳንቲም መግዛት መለገስ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለሻጩ ነው።
• ከሳንቲሙ ምን ያህሉ በአውጪዎቹ እጅ ይገኛል? እነርሱ በብዛት ሲሸጡ ዋጋው ይወድቃል፤ ኪሳራው የሚያርፈው በኋላ በገዙት ላይ ነው።
• «ዛሬውኑ ካልገዛችሁ ያመልጣችኋል» የሚል ጥድፊያ አለ? እውነተኛ እርዳታ ጠያቂ ለማጣራት ጊዜ አይነፍግም።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ባወጣው ማሳሰቢያ የሀገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ከረንሲ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ መርዳት የሚሻ ሰው በአካል ለሚታወቅና ደረሰኝ ለሚሰጥ ድርጅት ቢለግስ፣ ገንዘቡ የት እንደደረሰ የሚጠይቀው አካል ይኖረዋል።