የጥንቱን አደራደር በምን እንዳኘው?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ከትግራይ ተነሥቶ የሊማሊሞን አቀበት ወጣ፤ የዛሬዎቹን የደባርቅና የዳባት ደጋዎች አቋርጦም ጎንደር ገባ። ስለ ሙዚቃችን የጻፈውን ደብዳቤ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ቻርልስ በርኒ እ.ኤ.አ. በ1776 በመጽሐፉ አሳትሞታል።

ብሩስ ክራር መሰሉን መሣሪያ ሲገልጽ ብዙ ጊዜ ሰባት አውታር እንዳለው፣ አውታሩም በቀጭኑ ተተልትሎ ከተገመደ የበግ ወይም የፍየል ጥሬ ቆዳ እንደሚሠራ፣ በጣት እንጂ በመምቻ ፈጽሞ እንደማይመታ ይናገራል። ለዳኝነት ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። የቆዳ አውታር እንደ ብረት ክር ረጅም ጊዜ አይጮኽም፤ በዛሬ የብረት ክር የሚወጣው የተንዛዛ ድምፅ የዚያን ዘመን ድምፅ ሊሆን አይችልም። «ፈጽሞ» የምትለውን ቃል ግን አልቀበላትም። የበገና ደርዳሪዎቻችን በጣት መደርደርንም በመምቻ መግረፍንም ያውቃሉ፤ መንገደኛ የሚመሰክረው ደርሶ ላየው ብቻ ነው።

ሸክላም ቢሆን ሙሉ ምስክር አይደለም። ገጣሚውና ድምፃዊው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ድምፃቸውን ሲያስቀርጹ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነበር። ሰው እስካዳመጠ ድረስ የሚያንጎራጉር አዝማሪ በዚያ ልክ ሲቆረጥ ድምፁ ይተርፋል፤ የጨዋታው ርዝመት፣ ማሟሟቁና ከአድማጭ ጋር መመላለሱ ይቀራል።

ስለዚህ ሸክላውን ሳያዛንፍ የሚደግም ወጣት የጥንቱን ስልት ጠበቀ ብዬ አልፈርድም። አዝማሪነት እዚያው መፍጠር ነው። ብቻውን የተቀመጠ ማሲንቆ ተጫዋች ከኋላው ከበሮ የለውም፣ በእጁ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ነው። እኔ የማዳምጠው ደጋኑ ግጥሙ በሚያርፍበት ማረፉን፣ የትዝታው ወይም የአንቺ ሆዬው ቅኝት ሳይደፈርስ መዝለቁን፣ ዜማው በተመለሰ ቁጥር ጣቱ አዲስ ነገር መጨመሩን ነው። ፍጥነትና ጩኸት በውድድር መድረክ ጭብጨባ ያስገኛሉ፤ የጥንት ስልት መለኪያ ግን አይደሉም።

የደባርቅና የዳባት የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም፣ አንድ ነገር አድርጉልን፦ አንጋፋ ተጫዋቾችን ጨዋታቸውን ሳትቆርጡ ቅረጹ፤ አውታሩ ከምን እንደተሠራ፣ ቅኝቱ ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደተማሩም አብራችሁ መዝግቡ።