የካሮ ሰው ፎቶው ሁሉም ጋ አለ፤ ቋንቋውስ?

ዱስ በደቡብ ኦሞ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ያለች የካሮ ብሔረሰብ መንደር ነች። ገላቸውን በነጭ ኖራ ያስዋቡ የካሮ ወጣቶች ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ሞልቷል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው።

የካሮ ቋንቋ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ከሐመርኛ ጋር በጣም ይቀራረባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። ስልካችን ላይ ግን እኩል አይደሉም፦ ፌስቡክ በአማርኛ ይከፈታል፤ የጉግል መተርጎሚያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ይችላል፤ የካሮን ቋንቋ ግን አይችልም።

ታዲያ የዱስ ልጅ ፖስት ሲያደርግ ቋንቋ መምረጡ አንባቢ መምረጡ ነው። በአማርኛ ከጻፈ ጂንካም አዲስ አበባም ያነበዋል። በእንግሊዝኛ ከጻፈ ቱሪስቱ ያየዋል። በካሮ ከጻፈ በዋናነት የሚረዱት የካሮ ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ፊደል ከቆጠሩ።

የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለዚህ ጥሩ መላ ነው፤ ኪቦርድም ፊደልም አይጠይቅም። ችግሩ፣ ድምፅ እንደ ጽሑፍ በቀላሉ ተፈልጎ አይገኝም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ፎቶ ስትለጥፉ አንድ መስመር በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ጻፉ፤ አማርኛውን ከሥሩ አድርጉት። የእናንተ ቋንቋ ምንድነው? ኮሜንት ላይ በራሱ ሰላምታ ጻፉልን።