ጌሾ

ጌሾ (ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ) በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየጓሮው የሚተከል ቁጥቋጦ ነው። ጠላና ጠጅ ምሬታቸውን የሚያገኙት ከእርሱ ነው። ለጠላ በብዛት ቅጠሉ፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ይመረጣል።

አጠቃቀም

እንደ ወረኢሉ ባሉ ገብስ አብቃይ የደቡብ ወሎ ወረዳዎች ጠላ ሲጠመቅ፣ የደረቀ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ከቀናት በኋላ ብቅልና እንኩሮ ተጨምሮበት ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ ይከደናል።

ከሆፕ ጋር ሲነጻጸር

የፋብሪካ ቢራ የሚመረው ሆፕ በተባለ ተክል አበባ ነው። በአበባው ውስጥ ያለው አልፋ አሲድ በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ግን ወደ መራራው አይሶ አልፋ አሲድ ይቀየራል። ይህ ለውጥ አስቀድሞ የተደረገለት የሆፕ ውጤት ረጅም ማፍላት ስለማያስፈልገው፣ ቢራው ከተብላላ በኋላም ሊጨመር ይችላል።

የጌሾ ምሬት የሚመጣው ጌሾይዲን ከተባለ ውህድ ነው። ቅጠሉን ሳያፈሉ መዘፍዘፍ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ በጥንስስ ውስጥ ጌሾን ባልፈላ ሆፕ መተካት ተመሳሳይ ምሬት አይሰጥም።