ብርቅ የተባለው ስህተት፦ የፕሮሰሰርን ጉድለት ስለማለፍ፣ ከደባርቅ አንጻር

ስለ ፕሮሰሰር ጉድለት የሚጻፍ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከፔንቲየም የማካፈል ስህተት ነው። ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1994 የሒሳብ መምህሩ ቶማስ ናይስሊ ስህተቱን ደረሱበት፤ መንሥኤው ፕሮሰሰሩ ሲያካፍል ከሚያየው ሠንጠረዥ 5 ቁጥሮች መጉደላቸው ነበር፤ ኢንቴልም ለጉዳዩ 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በሒሳቡ በኩል የኤደልማን የ1997 ጥናት ይበቃል።

የእኔ ሙግት ከሻራንግፓኒና ከባርተን ጋር ነው። ሁለቱ የኢንቴል ባለሙያዎች በ1994 ኖቬምበር ባወጡት ትንተና፣ ስህተቱ በዘፈቀደ ከተወሰዱ 9 ቢሊዮን ማካፈሎች በአንዱ ብቻ እንደሚከሠት አሰሉ። በዚህ ስሌት ተራ ተጠቃሚ የሚያጋጥመው በ27,000 ዓመት አንድ ጊዜ ነው ተባለ። አይቢኤም በበኩሉ 24 ቀን አለ። ያንኑ ቺፕ የለኩ ሁለት ወገኖች ይህን ያህል ከተራራቁ መለኪያው ራሱ መመርመር አለበት። የኢንቴል ስሌት የቆመው ቁጥሮች በዘፈቀደ ይመጣሉ በሚል ግምት ላይ ነው። ሥራ ላይ ያለ ማሽን ግን ዕጣ አያወጣም፤ ያንኑ ስሌት ሌት ተቀን ይደጋግማል። 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.333820 መምጣት ሲገባው፣ ጉድለት ያለበት ፔንቲየም ባካፈለ ቁጥር 1.333739 ይላል። ለዚህ ስሌት ባለቤት የስህተቱ ዕድል መቶ በመቶ ነው።

ኮ፣ ማቲሰን፣ ሞለርና ፕራት በ1995 ያሳተሙት ጽሑፍ ከዚህ ውዝግብ ሁሉ በላይ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ የሚያነሣው ጥቂት ነው። በዚያ ወቅት የተገኘው ማለፊያ እንዲህ ይሠራል፦ ፕሮግራሙ ከማካፈሉ በፊት የአካፋዩን ቢቶች ያያል፤ አደገኛው ቅርጽ ካለበት ተካፋዩንም አካፋዩንም በ15/16 ያባዛል። ውጤቱ ያው ነው፤ አካፋዩ ግን ከአደጋው ቀጠና ይወጣል። ስህተቱ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መገመት ቀርቶ በምን ሁኔታ እንደሚመጣ ታወቀ፤ ሁኔታውም ተዘጋ።

የማይክሮኮንትሮለር አምራቾች የስህተት ሰነዶች የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። በአንዳንድ የኮርቴክስ-ኤም3 እትሞች ሁለት ቃል በአንዴ የሚጭነው ትእዛዝ፣ አድራሻውን የያዘውን ሬጂስተር ራሱን መድረሻ ካደረገና መሐል ላይ ኢንተራፕት ከመጣ፣ ሬጂስተሩ ሊበላሽ ይችላል። የጂሲሲ ኮምፓይለር ለዚህ ፕሮሰሰር ሲሠራ ያን ትእዛዝ አያወጣም። በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው።

ጉዳዩን ወደ ደባርቅ ላምጣው። የምሰጠው ምሳሌ ከሰነድ የተነሣ ትንተና እንጂ የመስክ ሙከራ ዘገባ አይደለም። ከሳንቃበር ወይም ከጨነቅ በላይ የዝናብ መለኪያ ሊተከል ነው እንበል። ውሃ የሞላው ትንሽ ሳሕን በተገለበጠ ቁጥር ማግኔት ማብሪያዋን ለቅጽበት ይዘጋል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ይቆጥራል። ቺፑ በኦገስት 2024 የወጣው አርፒ2350 ሲሆን፣ ማብሪያዋ ፒኑን ከ3.3 ቮልት ጋር ታገናኛለች፤ ወደ ዜሮ የሚመልሰው የቺፑ የውስጥ ሬዚስተር ነው። በቺፑ የስህተት ሰነድ ኢ9 የተባለው ጉድለት የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ማብሪያዋ ስትለቅ ፒኑ ወደ ዜሮ አይወርድም፤ ከውስጥ በሚፈስ ኤሌክትሪክ የተነሣ 2.2 ቮልት አካባቢ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ አሁንም እንደተዘጋ ያነባል፤ ቀጣዩ መገልበጥ አይታየውም። ክረምቱ በሙሉ ቢዘንብ መዝገቡ ደረቅ ወቅት ያሳያል፤ የስህተት ምልክትም አይሰጥም። የሻራንግፓኒና የባርተን መለኪያ እዚህ ምን ይረባል?

ማለፊያው በሰነዱ ላይ ተጽፏል፦ ከ8.2 ኪሎኦም ያልበለጠ ሬዚስተር ከውጭ መጨመር፣ ወይም የፒኑን ግቤት ዘግቶ ሊነበብ ሲል ብቻ መክፈት። ሁለተኛው ለተተከለ መሣሪያ የሶፍትዌር መፍትሔ ይሆናል፤ ይሁንና ፕሮሰሰሩ ተኝቶ በኢንተራፕት እንዲነቃ ስለማይፈቅድ ባትሪ ይበላል። ገና ላልተተከለ የተሻለው ሽቦውን መገልበጥ ነው፦ ማብሪያዋን ከመሬት ጋር አገናኝቶ የውስጡን ሬዚስተር ወደ ላይ የሚስብ ማድረግ። ጉድለቱ በዚያ አቅጣጫ አይነሣም።

የተስተካከለውን ኤ4 እትም መግዛት ይሻላል የሚል ይኖራል። እትሙ በ2025 ወጥቷል፤ በሰሌዳ ላይ የተበየደውን፣ ጉድለት ያለበትን ኤ2 ግን አይለውጠውም። ማለፊያ ፍጥነት ይቀንሳል የሚለውም በሰዓት ጥቂት ጊዜ ለሚቆጥር መሣሪያ ክርክር አይሆንም። እርግጥ ሁሉም ጉድለት በሶፍትዌር አይታለፍም፤ የሚታለፈውን ለመለየት ግን ሰነዱን ማንበብ የግድ ነው።

ስለዚህ በደባርቅም በጎንደርም ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ፕሮጀክት ለምትገመግሙ መምህራን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የሰርኪዩት ንድፉን ከማየታችሁ በፊት በቺፑ ላይ የተጻፈውን የእትም ቁጥር ጠይቁ፤ ቀጥሎም ለዚያ እትም ከወጣው የስህተት ሰነድ ተማሪው የትኞቹን ተራ ቁጥሮች እንዴት እንዳለፈ በጽሑፍ ያስረዳ።