ፋይቶ እና ዶንማይ፦ በጃፓንኛ የማበረታቻ ውሰት ቃላት

«ፋይቶ»፣ «ዶንማይ» እና «ናይሱ» ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ፣ ጃፓናውያን በየዕለቱ ሰውን ለማበርታት የሚጠቀሙባቸው ቃላት ናቸው። የሚጻፉት በካታካና፣ ማለትም የውሰት ቃላት በብዛት በሚሰፍሩበት ፊደል ነው። ከመነሻ ትርጉማቸው የራቁት ጃፓን ሠራሽ እንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ «ዋሴይ ኤይጎ»፣ ይባላሉ።

በብዛት የሚሰሙት በስፖርት ሜዳ ነው። ቤዝቦልን እ.ኤ.አ. በ1872 በቶኪዮ ያስተዋወቀው ሆራስ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር ሲሆን ጨዋታው ሲስፋፋ የእንግሊዝኛ ቃላትም አብረው ገቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዝኛ የጠላት ቋንቋ በመባሉ፣ በ1943 ዳኞች «ስትራይክ» ማለትን ትተው በጃፓንኛ «ዮሺ» ይሉ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የውጭ ቃላቱ ተመለሱ።

«ፋይቶ» «ተዋጋ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይምጣ እንጂ የጠብ ስሜት የለውም፤ «አይዞህ፣ በርታ» ማለት ነው። የትምህርት ቤት ክበብ ተማሪዎች በቡድን ሲሮጡ አንዱ «ፋይቶ!» ይላል፣ የቀሩት «ኦ!» ብለው ይቀበሉታል። ታይሾ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ1962 ለገበያ ያቀረበው የሊፖቪታን ዲ ኃይል ሰጪ መጠጥ ማስታወቂያም ቃሉን በየቤቱ አሰምቷል፤ በማስታወቂያው ገደል ላይ የሚታገሉ ሁለት ወጣቶች አንዱ «ፋይቶ!» ሌላው «ኢፓትሱ!» (አንድ ምት!) ብለው ይጮኻሉ። የኮሪያው «ፋይቲንግ» ከዚሁ የጃፓን አጠቃቀም እንደመጣ ይታመናል፤ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ2021 ይህን የኮሪያ ማበረታቻ መዝግቦታል።

ከሁሉም ልብ የሚነካው ግን «ዶንማይ» ነው። መነሻው «ዶንት ማይንድ» ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለማጽናናት አይጠቀምበትም። በመረብ ኳስ ጨዋታ አንዷ ተጫዋች ኳሱ አምልጧት መሬት ሲወድቅ፣ ጓደኞቿ ወዲያው «ዶንማይ፣ ዶንማይ!» እያሉ እጃቸውን ያጨበጭባሉ። «ጋንባሬ» የተባለው ነባሩ ማበረታቻ የበለጠ ጥረት ይጠይቃል፤ ለደከመ ሰው ሸክም ሊሆንበት ይችላል። «ዶንማይ» ምንም አይጠይቅም፤ ጥፋቱ እንዳለፈ ብቻ ይናገራል።

«ናይሱ» ከተሳካ ድርጊት በኋላ የሚነገር አድናቆት ሲሆን «ናይሱ ኪያቺ» ጥሩ ቀለብክ እንደማለት ነው። ጩኸት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው «ኤሩ» ደግሞ የድጋፍ ድምፅን ያመለክታል፤ የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ ጣቢያ ኤን ኤች ኬ በ2020 ያሳየው የጠዋት ድራማ ርዕስም ይኸው ነበር።

እነዚህ ቃላት የእኩያ ንግግር ናቸው። አለቃውን ወይም መምህሩን «ዶንማይ» የሚል ሰው እንደ ደፋር ይቆጠራል፤ ለበላይ የሚገባው የጃፓንኛ የአክብሮት አነጋገር ነው።