የማን ደሴት ሴቶች ድምፅ የሰጡበት ምርጫ

በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል የምትገኘው የማን ደሴት ለብሪታንያ ዘውድ ብትገዛም የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደለችም። ቲንዋልድ የተባለ የራሷ ጥንታዊ ፓርላማ አላት። እ.ኤ.አ. በማርች 1881 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ንብረት ያላቸው፣ ያላገቡና ባሎቻቸው የሞቱባቸው የደሴቷ ሴቶች ድምፅ ሰጡ። ኒውዚላንድ ለሴቶች ይህን መብት የሰጠችው ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

ከ1866 በፊት የፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት 24 አባላት በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። የአንዱ ወንበር ሲጓደል የቀሩት ሁለት ሰው ያጩና ገዥው አንዱን ይሾማል፤ የተሾመውም ዕድሜ ልኩን ይቀመጣል። በ1864 ምክር ቤቱ የተሰነዘረበትን ትችት እንደ ድፍረት ቆጥሮ የአይል ኦቭ ማን ታይምስ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረውን ጄምስ ብራውንን 6 ወር እስራት ፈረደበት። ብራውን ካስል ሩሸን በተባለው ምሽግ ታስሮ ከቆየ በኋላ የለንደን ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው፤ ካሳም ተፈረደለት። ያልተመረጠ ምክር ቤት ከሳሽም ዳኛም መሆኑ ሕዝቡን አስቆጣ።

ገዥው ሄንሪ ሎክ ለወደብ ግንባታ የሚውል የጉምሩክ ገቢ ከለንደን ሲጠይቅ በልዋጩ ምክር ቤቱ በምርጫ የሚቋቋም እንዲሆን ተስማማ። በ1867 የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ፤ መራጮቹ ግን ወንዶች ብቻ ነበሩ።

በ1880 የምርጫ ሕጉ እንዲሻሻል ረቂቅ ሲቀርብ ሪቻርድ ሸርዉድ የተባሉ አባል መብቱ ለወንዶች ብቻ መሆኑ እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱም በከፍተኛ ድምፅ ተቀበለው። የላይኛው ሸንጎ ግን አልተስማማም። ከብዙ ክርክር በኋላ ዓመታዊ ግምቱ 4 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ መሬት ወይም ቤት ላላቸው፣ ላላገቡና ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች ብቻ ተፈቀደ። ሕጉ በጃንዋሪ 1881 ጸድቆ በማርች ምርጫ ሥራ ላይ ዋለ።

ያገቡ ሴቶችና ሴት ተከራዮች ከመብቱ ውጭ ቀሩ። ሆኖም በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ በ1892 ለሴት ተከራዮች፣ በ1919 ደግሞ ለአዋቂዎች ሁሉ ሰፋ። በ1933 ሜሪየን ሺመን የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ሴት አባል ሆኑ። የ1881 ምርጫ ትልቅ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ መብቱ ጎዶሎ ቢሆንም በኋላ ለመጣው ሙሉ መብት መሠረት ጥሏል።